የቦቃ ቀይ ቸርኬዎች

ጋሽ ሸምሱ ማረፋቸውን የሰማሁት ወደራ ከተማ፣ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ የሰባተኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነው። የደወሉልኝ ባለቤታቸው እትዬ ዘሀራ ነበሩ። "ቲቸር፣ ሸምሱ ሄዱ" አሉኝ። እኔም እንደ ሞኝ "ወዴት?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ዶሎ የሄዱ መስሎኝ ነበር። እኔ እኚህን ሰው የማውቃቸው ወደ ዶሎ ሲሄዱና ከዶሎ ሲመለሱ ነው። እትዬ ዘሀራ ማልቀስ ጀመሩ። ያኔ ገባኝ።

ማለዳ አርፈው እኩለ ቀን ሳይሆን ተቀብረዋል። ለእኔ ሲደወል አፈሩ ተመልሶ፣ ሰዉ እጁን ታጥቦ ድንኳን ውስጥ ተቀምጧል። ጠዋት ቢነግሩኝ እደርስ ነበር ብዬ ተናደድኩ፤ በማን እንደተናደድኩ ግን አላውቅም። እትዬ ዘሀራ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ አንድ ነገር ጨመሩ።

"ዋሪዮ እመጣለሁ ብሎ ልኳል። ሸምሱ ሰምተው ነው የሞቱት፤ ሊደርስ ሳምንት ነበር የቀረው። 'ቦቃን ቲቸር ትግለጣት፣ እጇ ያውቃል' ብለዋል። ትመጫለሽ አይደል?"

"እመጣለሁ እትዬ" አልኩ። ስልኩን ዘግቼ እጄን አየሁት። ቀይ እስክሪብቶ ይዟል። ይህ እጅ በቦቃ ላይ የሠራውን ነገር ከእኔ በቀር የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ አምን ነበር። ስለዚህ ያን ቀን ለጋሽ ሸምሱ አለቀስኩ ብል ግማሹ ነው እውነቱ። ግማሹን ያለቀስኩት በፍርሃት ነው።

ነገሌ የተመደብኩት ገና ከኮሌጅ እንደወጣሁ ነበር። ወላጆቼ ከሰሜን በመንግሥት ሥራ መጥተው ደቡብ የቀሩ ስለሆኑ ሙቀቱም ቀዩ አቧራም አዲስ አልሆነብኝም። አዲስ የሆነብኝ ብቻዬን መኖር ነው። ከገበያው በታች ባለው ሰፈር አንድ የመኪና መለዋወጫ ነጋዴ ግቢያቸው ውስጥ ክፍል ያከራያሉ ሲሉኝ ሄድኩ። ጋሽ ሸምሱ በወጣትነታቸው ከጉራጌ አገር መጥተው እዚያው የከተሙ፣ አጠር ደንደን ያሉ፣ የሱቃቸውን ቁልፍ በክር አንገታቸው ላይ የሚያንጠለጥሉ ሰው ናቸው። ክፍሉን ከፍተው ካሳዩኝ በኋላ የቀኝ አውራ ጣታቸውን ጥፍር በሩ ላይ ጫን አደረጉ፤ ዓይናቸውን ጨፈን አድርገው ትንሽ ቆዩ።

"ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የተቀባው" አሉ። "ሰነፍ ነው የቀባው።"

"ማን ነው የቀባው?"

"እኔ ነኛ!" ብለው ሳቁ። "ያን ጊዜ ወጣት ነበርኩ፣ ቶሎ መጨረስ እወድ ነበር።"

ክፍሉን የተከራየሁት ለዚህ ሳቅ ስል ነው። ያ ጥፍር ግን ዕረፍት አልነበረውም። ዳቦ ሲገዙ ይጫኑበታል፣ ፓፓያ ላይ ይጫኑበታል፣ እኔ አዲስ ጫማ ገዝቼ ስመጣ ሶሉ ላይ ይጫኑበታል። ቀለም ከሆነ ደግሞ ስንት ጊዜ እንደተቀባ ይናገራሉ። አንድ ቀን ትምህርት ቤታችን መጥተው የርዕሰ መምህሩን በር ነካ አድርገው "አራት" አሉ። ቀቢው እዚያው ነበር፤ ደነገጠ። አራት ነበር።

ቦቃን ያየኋት በገባሁ ማግስት ነው። ግቢው መሀል ባለው ግራር ሥር አንዲት ነጭ ፒክአፕ ቆማለች። ቸርኬዎቿ ግን ቀይ ናቸው፤ ቀይ ብቻም አይደሉም፣ የአራቱም መሀል ላይ በእጅ የተቀባ ትልቅ ነጭ ምልክት አለ። እኔ አፌ አያርፍም። "ጋሼ፣ ይቺ መኪና ቀይ ካልሲ አድርጋ የት ልትሄድ ነው?" አልኳቸው።

አልሳቁም። "ስሟ ቦቃ ነው" አሉኝ። "የዋሪዮ ናት። እኔ ጋ አደራ ናት።"

ዋሪዮ የአሬሮ ሰው ነው፣ ቦረና። ጋሽ ሸምሱ ነገሌ ሲገቡ ኦሮምኛ አንድ ቃል አያውቁም ነበር። ከብት ሊሸጥ ገበያ የሚመጣው ዋሪዮ ነው ለሰላምታ "አካም" ሲባል "ናጋ"፣ ሰላም ነው፣ ማለትን ያስተማራቸው። ሱቅ ሲከፍቱ ማገሩን አብሯቸው አቆመ፣ እትዬ ዘሀራን ሲያገቡ በሬ ነድቶ መጣ። በኋላ ክፉ ድርቅ ሲመጣ ዋሪዮ ከመንጋው የሚበዛውን ሸጠና ይህችን መኪና ገዛ። ቢያንስ ይቺ በውሃ ጥም አትሞትብኝም ብሎ ነው። አንዲት ላም ግን አልሸጠም። ቀይ ናት፣ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት፣ ስለዚህ ስሟ ቦቃ ነው። እናቱ የሰጠችው ጥጃ ልጅ ናት። መኪናዋን የገዛ ቀን ላሟን እየነዳ ከጋሽ ሸምሱ ሱቅ በር ላይ አቆማት፤ ቀይ ቀለምና ቡናማ ቀለም አስከፈተ፤ ከላሟ ጎን እየያዘ፣ እየጨመረ፣ እየቀነሰ ቀኑን ሙሉ ሲደባልቅ ዋለ። ቀለሙ ቆዳዋን መሰለ ሲል ቸርኬዎቹን በብሩሽ ራሱ ቀባ፤ መሀላቸው ላይ የግንባሯን ነጭ አደረገ። መኪናዋንም ቦቃ አላት።

ብዙም ሳይቆይ የቀሩትም ከብቶች ግጦሽ አጡ። ድንበር ማዶ ኬንያ ውስጥ ዘመዶቹ የውሃ ጉድጓድ ስላላቸው ከብቶቹን ይዞ ሊሻገር ወሰነ። ቁልፉን ለጋሽ ሸምሱ ሰጠና "ከብት አይጠብቀኝም፣ መኪና ግን ይጠብቀኛል። ጋና ሲዘንብ እመጣለሁ። እስክመጣ እንደዚሁ ጠብቅልኝ" አላቸው። ጋና የሚሉት ትልቁን ዝናብ ነው። ዝናቡ ዘነበ። ዋሪዮ አልመጣም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መንገደኛ "ደህና ነው" የሚል ቃል ያመጣ ነበር፤ ከዚያ እሱም ቀረ።

ጋሽ ሸምሱ "እንደዚሁ" የምትለዋን ቃል እንደ መሐላ ነው የያዟት። መኪና ከቆመ ይሞታል ብለው ያሽከረክሯታል፤ ሠርታ ያመጣችውን አሬሮ ላሉት ለዋሪዮ እናት ይልካሉ። ከመልኳ ግን አንድ ነገር እንዲለወጥ አይፈልጉም። ድንበር ላይ ያለችው ዶሎ ስደተኛ በበዛባት ጊዜ የእርዳታ ድርጅቶች መኪና መከራየት ጀመሩ። ጋሽ ሸምሱ ቦቃን አጥበው፣ ዘይት ቀይረው ሄዱ። የአንዱ ድርጅት ኃላፊ ዞር ዞር ብሎ አያት፤ ሞተሯን ወደደው። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ቸርኬዋን አየና "ይሄ ነጭ መሆን አለበት፣ እንዲህ ሆና ከእኛ መኪና ጋር አትቆምም" አላቸው። ይዘዋት ተመለሱ።

ሰፈሩ በሙሉ መካሪ ሆነ። ቀብተህ አትገላገልም ወይ ተባሉ። እኔም ተከራይ መሆኔን ረስቼ ገባሁበት።

"ጋሼ፣ ቀለም እኮ ነው። ዋሪዮ ሲመጣ መልሰው ቀይ ይቀቡታል።"

"የኔ ቀይና የሱ ቀይ አንድ ነው?" አሉኝ። "እሱ ቀዩን የደባለቀው ላሟን አጠገቡ አቁሞ ነው። እኔ ላሟን ከየት አመጣለሁ?"

ቦቃ ግራሩ ሥር ወራት ቆመች። ባትሪዋ ደከመ፣ ጎማዋ ላላ። ጋሽ ሸምሱም ከእሷ ጋር የደከሙ መሰሉ። ማታ ሱቅ ዘግተው ሲመጡ ወደ እኛ ሳይሆን መጀመሪያ ወደ እሷ ሄደው ኮፈኗን መታ ያደርጋሉ።

አንድ ቀን ከዶሎ የመጣ ሹፌር የሞተር ካንዴላ ሊገዛ ሱቃቸው ገብቶ ስለ ቸርኬው ሰማ። ከመኪናው አንድ ስፕሬይ ቆርቆሮ አመጣና የእትዬ ዘሀራን ድስት ክዳን ተውሶ ረጨበት፤ ነጭ ሆነ። ደጋግሞ ረጨው። ከደረቀ በኋላ ጫፉን በጥፍሩ አነሳና ሳብ አደረገው፤ እንደ ተቀቀለ ድንች ልጣጭ ሙሉውን ተላጠ። ክዳኑ እንደ ድሮው ነው። ጋሽ ሸምሱ ክዳኑን ተቀብለው በጥፍራቸው ጫን አሉት፣ አሸተቱት፣ ወደ ፀሐይ አዞሩት።

"ከሥሩ ያለውን አይነካም?"

"አይነካም ጋሽ ሸምሱ። ለመላጥ ነው የተሠራው።"

"ማለት ቀዩ እዚያው ተኝቶ ይጠብቃል?"

"ተኝቶ ይጠብቃል።"

እትዬ ዘሀራ እስከ ዛሬ የሚያወሩት፣ ጋሽ ሸምሱ ያን ቀን ክዳኑን ይዘው ዓይናቸው እንባ ማቅረሩን ነው። "ሃያ ዓመት አብሬ ኖሬ ሲያለቅሱ ያየሁት በድስት ክዳን ነው" ይላሉ።

ከዚያ በኋላ የግቢያችን ማለዳ ተለወጠ። ነገሌ ከረፋድ በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ነፋሱ ቀዩን አፈር ይዞ ይመጣል፤ እርጥብ ቀለም ላይ ካረፈ ደግሞ አለቀ። ስለዚህ ጋሽ ሸምሱ ከሱብሂ ሶላት መልስ ይጀምራሉ። ቸርኬዎቹን በሳሙና አጥበው፣ ጭቃ የገባበትን በጥርስ ብሩሽ ፈቅፍቀው ያደርቃሉ። ከዚያ ጎማው እንዳይነካ በቸርኬውና በጎማው መሀል ዙሪያውን የመጫወቻ ካርታ ይሰካሉ። አንድ ሙሉ ካርታ ለአንድ ጎማ ይበቃል። የመጀመሪያው ዙር ስስ ነው፤ ካፊያ ያህል ብቻ። የሚቀጥሉት አራቱ ወፍራም ናቸው፣ በየመሀሉ ግማሽ ሰዓት እየጠበቁ። አምስት ዙር። ከአምስት አይቀንሱም፣ ከአምስት አይጨምሩም።

አንድ ማለዳ የሰፈሩ ሸህ በሩን ገፋ አድርገው ሲገቡ ጋሽ ሸምሱ መሬት ላይ ተንበርክከው፣ ካርታው ፊታቸው ተዘርግቶ፣ አንዷን ንጉሥ በእጃቸው ይዘው አገኟቸው። "ሸምሱ! በዚህ ዕድሜህ?" አሉ ሸሁ ደንግጠው። ጋሽ ሸምሱ ቀና ብለው "ሸህ፣ ከሰው ጋር አይደለም፣ ከጎማ ጋር ነው የምጫወተው። እስካሁንም እየበላኝ ያለው እሱ ነው" አሏቸው። ሸሁ ሳቃቸውን ለመደበቅ ጀርባቸውን ሰጡን።

ሥራቸው በከተማው ተሰማ። ነገሌ ውስጥ ለሠርግ መኪና የሚዋስ ሰው ብዙ ነው፤ ባለመኪናው ግን መኪናዬን አትንኩ ይላል። ጋሽ ሸምሱ ዓርብ ዕለት ቸርኬውን ወርቃማ አድርገው ይሰጣሉ፣ ማክሰኞ ልጠው ለባለቤቱ እንደነበረ ይመልሳሉ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ግን በገዛ ሠርጉ ራሴ እቀባለሁ ብሎ ቆርቆሮ እንዲበረክትለት ሳሳ አድርጎ ቀባ። ከሠርጉ በኋላ ሲልጠው አልላጥ አለው፤ በጥፍር በጥፍሩ እየተቆራረሰ ቀረ። ባጃጇ የወንድሙ ናት። እያለቀሰ መጣ። በቤንዚን ሊፈቀው ነው።

"ቤንዚን ከሥሩ ያለውንም ይበላልሃል። ተው" አሉት ጋሽ ሸምሱ። "ስስ የቀባኸው ለዚህ ነው የያዘህ። ወፍራም ቢሆን ይለቅህ ነበር።" ከዚያ በተቆራረሰው ላይ ደጋግመው ወፍራም አድርገው ቀቡት፤ ሲደርቅ የላዩ የሥሩን ይዞት ተነሳ። ልጁ ጉልበታቸውን ሊስም ሲያጎነብስ ትከሻውን ያዙትና "ስትቀባ የምታስበው የሚያየውን ሰው ነው" አሉት። "የሚልጠውን ሰው ነው ማሰብ ያለብህ።"

ይህን ቃል ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። እትዬ ዘሀራ ማሰሮ ሲከድኑ፣ እኔ የተማሪ ውጤት ስሞላ፣ ማንም ሰው ምንም ነገር ሲቸኩል "የሚልጠውን ሰው አስቡ እንጂ" ይላሉ። አንዳንዴ ያሰለቸኝ ነበር። አሁን ማንም የሚለኝ የለም፤ ያን መሰልቸት በምን ዋጋ እንደምመልሰው አላውቅም።

ቦቃ ነጭ ቸርኬ ለብሳ ዶሎ መመላለስ ጀመረች። የቆላ ፀሐይ ይህን ቀለም ስለሚያደርቀው ግን በዓመት አንዴ ተልጦ መታደስ ነበረበት። ጋሽ ሸምሱ ይህን የሚያደርጉት ጋና ከመግባቱ በፊት ነው። እኛ የቦቃ ቀን እንለዋለን። አራቱንም በማለዳ ይልጣሉ። ቀዩ ብቅ ይላል፣ ነጩ ግንባር ብቅ ይላል። "አካም ቦቃ! ናጋ?" ይሏታል፣ ለላም እንደሚባለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። ያን ቀን አይቀቧትም፣ አይነዷትም። ወንበር አውጥተው አጠገቧ ይቀመጣሉ፤ ፊታቸው ወደ አጥሩ በር ነው። ሱቅ አይከፍቱም። እስከ መግሪብ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እዚያው ናቸው።

በሦስተኛው ዓመት ጠየቅኳቸው። "ጋሼ፣ ምን እየጠበቁ ነው?"

"ዛሬ ቢመጣ ጥሩ ነበር" አሉኝ። "በሌላ ቀን ቢመጣ ነጭ ሆና ያያታል፤ ሳልነግረው ልቡ ይሰበራል። ዛሬ ቢመጣ ግን ምንም ማስረዳት የለብኝም።"

በማግስቱ ማለዳ ካርታውን ይሰካሉ። እኔ ስምንት የቦቃ ቀን አይቻለሁ። አንድም ጊዜ በሩ በዋሪዮ እጅ አልተንኳኳም፤ አንድም ጊዜ ግን ወንበሩን ወደ ሌላ አቅጣጫ አዙረው አላየኋቸውም።

በስምንተኛው ዓመት ጋሽ ሸምሱን ሳል ያዛቸው። ሐኪሙ የቀለም ሽታ እንዳያገኛቸው አስጠነቀቀ። እኔም በዚያው ሰሞን እናቴ ወደምትኖርበት ወደራ ዝውውሬ ተፈቀደልኝ። የምሄድበት ቀን ከቦቃ ቀን ሁለት ቀን በኋላ ሆነ። መላጡን ራሳቸው ላጡ፣ ወንበራቸው ላይም ዋሉ። መቀባቱን ግን ለእኔ ሰጡኝ። "ስምንት ዓመት አይተሻል፣ እጅሽ ያውቃል" አሉኝ። ኩራቴን ብታዩ!

ሦስቱን ጎማዎች እንደ ደንቡ አምስት አምስት ዙር ቀባሁ። እጄ ግን እንደሳቸው አይቆጥብም፤ ግማሹን ቀለም ለነፋስ ነው የረጨሁት። የኋላዋ ግራ ላይ ስደርስ የቀረኝ አንድ ቆርቆሮ፣ እሱም ግማሽ ነበር። ፀሐዩ ከፍ ብሏል፣ ነፋሱ ማፏጨት ጀምሯል፣ ሻንጣዬ አልተዘጋም፣ ጠዋት መኪና ይጠብቀኛል። አንድ ዙር ረጨሁ። ሁለተኛውን ረጨሁ። ቆርቆሮው ፊስስ ብሎ አለቀ። ዞር ብዬ አየሁት፤ ነጭ ነው። ከላይ ሲታዩ አራቱም አንድ ናቸው። ካርታውን ነቀልኩ።

በመስኮቱ "ስንት ሆነ ቲቸር?" የሚል ድምፅ መጣ፤ ሳል ተከተለው።

"አምስት አምስት ጋሼ!" አልኩ።

"ተባረኪ።"

ለምን እንደዋሸሁ ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። ቀለም አለቀ ብል የሚቆጡኝ ሰው አልነበሩም። ከዶሎ ሌላ እናስመጣለን ነው የሚሉት። ግን "እጅሽ ያውቃል" ያሉኝን ቃል በአንድ ቀን ውስጥ ማጣት አልፈለግኩም። ይኸው ነው።

ወደራ ከገባሁ ከሳምንት በኋላ ደወሉልኝ። ስለ እናቴ ጤና ጠየቁ፣ ስለ አዲሱ ትምህርት ቤት ጠየቁ። ከዚያ እንደ ዋዛ "የኋላዋን ግራ ስንት ጊዜ ነው የቀባሻት?" አሉኝ።

ጆሮዬ ጋለ። "አምስት" አልኩ።

ሳሉ። "አምስት ካልሽ አምስት ነው" አሉና ወሬውን ወደ ገበያ መለሱት። ከዚያ በኋላ ዓመቱን ሙሉ በየሳምንቱ ሲደውሉ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተናገሩም። ረስተውታል ብዬ ራሴን አሳመንኩ። በሚመጣው የቦቃ ቀን ሄጄ አስተካክለዋለሁ፣ እነግራቸዋለሁ አልኩ። የቦቃ ቀን አንድ ወር ሲቀረው ነው እትዬ ዘሀራ የደወሉልኝ።

ነገሌ ከመሄዴ በፊት ወደራ ገበያ ውስጥ ያን ስፕሬይ ፈለግኩ። የሚላጥ ቀለም አላችሁ ስላቸው ጥሩውን ቀለም ትተሽ ለምን ትላጭዋለሽ እያሉ ሳቁብኝ። ባዶ እጄን ሄድኩ። እትዬ ዘሀራን አንገታቸው ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። የጋሽ ሸምሱ ወንበር ግራሩ ሥር እንዳለ ነው፤ ማንም አልተቀመጠበትም።

ዋሪዮ በማግስቱ ረፋድ ላይ መጣ። እንደሰማሁት ግዙፍ ሰው አልነበረም፤ ረጅም፣ የሰለለ፣ በትሩን ተመርኩዞ የሚራመድ ሽማግሌ ነው። በሩ ላይ ቆሞ "አካም ዘሀራ?" አለ።

"ናጋ ዋሪዮ። ናጋ ነው እንበል እንግዲህ" አሉት እትዬ ዘሀራ።

ወንበሩን ቢያሳዩት አልተቀመጠም፣ መሬት ላይ ተቀመጠ። "ሞያሌ ደርሼ ነው መሞቱን የሰማሁት" አለ። "ከብቶቹ እኮ እዚያው አለቁ ዘሀራ። ቦቃ ጉድጓዱ አፍ ላይ ወደቀች፣ እኔ እያየኋት። ባዶ እጄን ምን ይዤ ልምጣ? ሸምሱ ፊት እንዴት ልቁም እያልኩ ዓመቱ ሄደ። እሱ ይስቅብኛል ብዬ አይደለም፤ እንደማይስቅብኝ ስለማውቅ ነው የፈራሁት።"

ከዚያ ቀና ሲል መኪናዋን አየ። ዓይኑ ወደ ጎማዎቹ ወረደ፤ እዚያው ቀረ።

"ነጭ አደረጋት?" አለ ቀስ ብሎ። "እንደዚሁ ጠብቅልኝ ብዬው ነበር።"

እትዬ ዘሀራ ወደ እኔ አዩ። ተነሳሁ። "አንዴ ይታገሱኝ አባ" አልኩትና የፊቷ ቀኝ ጎማ ፊት ተንበረከክሁ። ጫፉን በጥፍሬ አንስቼ ሳብኩ። ነጩ በአንድ ቁራጭ ለቀቀ። ቀዩ እንደተቀባበት ቀን ነው፤ ነጩ ግንባር መሀሉ ላይ ነው። ዋሪዮ በትሩን ጣለ። የፊቷን ግራ ላጥኩ፣ የኋላዋን ቀኝ ላጥኩ። እሱ እየተከተለኝ በየጎማው መዳፉን ያስቀምጣል። "ሸምሱ፣ ሸምሱ" ይላል።

የኋላዋ ግራ ቀረች። ፊቷ ቁጭ ብዬ መጀመር አቃተኝ። ከደረቀ ዓመት ሊሞላው የደረሰ ሁለት ዙር ቀለም ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ እንደዚያ የባጃጅ ልጅ በጥፍር በጥፍሩ እየተቆራረሰ፣ ቀዩንም እየያዘ ነው የሚነሳው። ጋሽ ሸምሱ ይህን ሁሉ ዓመት የጠበቁትን አደራ፣ በስተመጨረሻ በባለቤቱ ፊት የማበላሸው እኔ ነኝ።

"ምነው በርሲስቱ?" አለኝ ዋሪዮ፤ አስተማሪዋ ማለቱ ነው። "ደከመሽ?"

ጥፍሬን ሰደድኩ። ጫፉ ተነሳ። ከሌሎቹ ሁሉ የወፈረ ነበር። ሳብኩት፤ አልተቆረጠም። እየከበደ፣ እንደ ቆዳ እየተጠቀለለ፣ ዙሪያውን ሙሉ በአንዴ እጄ ላይ ወደቀ። ከሥሩ ያለው ቀይ አንድ ጭረት የለበትም። ዋሪዮ ጎንበስ ብሎ ግንባሩን በነጩ ምልክት ላይ አስደገፈ። "አካም ቦቃ" አለ። "አካም ቦቃ፣ ናጋ?" ጋሽ ሸምሱ በየዓመቱ በሚሏት በዚያው ድምፅ።

እኔ ግን ልጣጩን ይዤ እትዬ ዘሀራን ነበር የማየው። እሳቸውም ያዩኛል።

"አንቺ በሄድሽ በሁለተኛው ሳምንት ከዶሎ ቆርቆሮ አስመጡ" አሉኝ ዝቅ ባለ ድምፅ። "ሐኪሙ የከለከለውን ብዬ ጮህኩባቸው። አልሰሙኝም። አፋቸውን በሻሽ አስረው፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠው፣ ካርታቸውን ሰክተው፣ እየሳሉ ቀቡት። ምን ሆነው ነው ይቺን አንዷን ብቻ አልኳቸው። 'ቲቸር አምስት ብላለች' አሉኝ። 'ጥፍሬ ሁለት ነው የሚለው። ሦስት ይቀራል።' ለሷ እንዳትነግሪ፣ ታፍራለች ብለውኝ ነበር፤ ይኸው ነገርኩሽ።"

ልጣጩን ወደራ ይዤው መጣሁ። ግድግዳዬ ላይ ሰቅዬዋለሁ፤ የሚያየው ሰው ምን እንደሆነ ይጠይቀኛል፣ የጎማ ቀለም ነው እላለሁ። አንዳንዴ ፈተና አርሜ ስጨርስ ተነስቼ የአውራ ጣቴን ጥፍር ጫን አደርግበታለሁ፤ እንደሳቸው ዓይኔን ጨፈን አድርጌ ትንሽ እቆያለሁ። እኔ በጥፍር መቁጠር አልችልበትም። ግን አምስት ነው።